«ይድረስ ከ…»፦ የኅዳር በሽታን በአሮጌ ወረቀት ስፈልግ

በልጅነቴ ኅዳር 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ማለት ጭስ ማለት ነበር። እናቴ በማለዳ ተነሥታ ጓሮውን ትጠርጋለች፤ ያረጀ ሰሌን፣ የተበጣጠሰ ጆንያ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የዓመቱን ኮተት ሁሉ ከበራችን ፊት ትከምርና እሳት ትለኩስበታለች። በየደጁ እንደዚሁ ነው። ሰፈሩ እስኪመሽ ድረስ በጭስ ይታፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ድሮ በኅዳር ሰው የጨረሰ በሽታ ነበር፤ እንዳይመለስ ነው» ትለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ሳጠና ያ በሽታ በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን ተማርኩ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ምረጡ በተባልን ጊዜ አላመነታሁም።

አሁን የታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ የምርምር ሥራ ሲሰጣቸው ያኔ እኔን የጣለኝ ድንጋይ እነሱንም ሲጥላቸው በየዓመቱ አያለሁ። ስለዚህ የደረሰብኝን ሁሉ እንዳለ ልጽፈው ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወመዘክር፣ የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ነበር። የትብብር ደብዳቤዬንና መታወቂያዬን ይዤ፣ አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ በልቤ ግማሹን ጽሑፍ ጨርሼ ነው የገባሁት። ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሠራተኛ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። «ስለ ኅዳር በሽታ ያለውን ፋይል ሁሉ» አልኳቸው። ዝም ብለው ተመለከቱኝና ወንበር ሳቡልኝ።

«ልጄ፣ እንደዚያ የሚል ፋይል የለም። ወረቀት የሚቀመጠው አንቺ በምትፈልጊው ጉዳይ ሳይሆን በጻፈው ወይም በተቀበለው መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ስለ በሽታው ማን ለማን ሊጽፍ ይችል ነበር? እሱን አስቢና ነይ።»

ያን ዕለት አንድ ገጽ ሳላነብ ወጣሁ። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ሆኖም በአራት ዓመት ትምህርቴ ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመኝ ቃል የለም። ቤተ መጻሕፍት የለመደ ተማሪ መጽሐፍን የሚፈልገው በርእስ ነው። የመዝገብ ቤት ፋይል ግን የአንድ መሥሪያ ቤት የዕለት ሥራ ትራፊ ነው፤ የጉምሩክ ሰው ስለ ቀረጥ፣ የአውራጃ ገዥ ስለ ግብር፣ ቆንስል ስለ ዜጎቹ ሲጽፍ የተረፈ። አንዳቸውም ቢሆኑ ወደፊት አንዲት ተማሪ መጥታ ስለ በሽታ ትጠይቀናለች ብለው አልጻፉም።

ማታ ቤት ገብቼ አንድ ወረቀት ላይ መስመር አሰመርኩ። በግራ በኩል «ማን ይጽፍ ነበር?»፣ በቀኝ በኩል «ምን ሲቸግረው ይጽፍ ነበር?» አልኩ። በግራው ቤተ መንግሥቱ መጣ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ነበሩ። ቀጥሎ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች (እንደ ዛሬው ኤምባሲ ያሉ መሥሪያ ቤቶች)፣ የምድር ባቡሩ ኩባንያ፣ ነጋዴዎች፣ ሚሲዮኖች፣ አብያተ ክርስቲያናት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በሽታው በመጣ ጊዜ ከተማዋ ከጅቡቲ ወደብ ጋር በሐዲድ ከተገናኘች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ይህን ስጽፍ ጥያቄዬ በራሱ ጠበበ። «የኅዳር በሽታ ታሪክ» የሚለው ርእስ ሞተና «በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ በሽታው የጻፉት እነማን ናቸው፤ ምንስ አዩ?» የሚል ተተካ። አማካሪዬ ሲያዩት «አሁን ሥራ ጀመርሽ» አሉኝ።

ሥራ ብጀምርም መሳሳቴን አልተውኩም። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዱን ያባከንኩት የብርሃንና ሰላም ጋዜጣን የ1911 እትሞች ስፈልግ ነው። ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዘመንም የወጣው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ እጄ ላይ ነበር፤ አላየሁትም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ አሁን አስቀድሜ የምላቸው ይኼ ነው፤ ምንጭ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት በዚያ ዓመት ምን ይታተም እንደነበር፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደተቋቋመና የትኛው ገና እንዳልተቋቋመ አጣሩ። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ዘመን የሚያጠና ተማሪ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ስላለ አንድ አዋጅ መቼ ወጥቶ መቼ እንደተሻረ ቀን ቆጥሮ ሊከተል ይችላል። የእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ምርኩዝ አልነበረውም። ከ1905 ወይም ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረንሳይኛ ይወጣ የነበረው «ኩሪዬ ዴቲዮፒ» ጋዜጣ ነበር፤ እሱን ለማንበብ ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ጓደኛ መለመን ነበረብኝ። በነገራችን ላይ በፈረንሳይኛ ወረቀት ውስጥ «ኢንፍሉዌንዛ» ብቻ ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያመልጠዋል፤ ፈረንሳዮቹ በሽታውን «ግሪፕ» ይሉታል። በሽታም ሆነ ቦታ ወይም ሹመት፣ በዘመኑ ሰዎች አፍ ምን ይባል እንደነበር ሳያውቁ ማውጫ መግለጥ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ከሁሉ የባሰውን ስሕተቴን ልንገራችሁ።

ሁለተኛው ወር ላይ የዘመኑን ደብዳቤዎች ማንበብ ጀምሬ ነበር። የእጅ ጽሕፈቱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቃላቱ በሁለት ነጥብ ተለያይተው፣ መስመሩ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ተሞልቶ፣ ዳር ሲደርስ ቃሉ ለሁለት ተቆርጦ የሚቀጥልባቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ከለመድኩት በኋላ ግን ፈጠንኩ። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ካርድ እያወጣሁ «ጸሐፊ፣ ተቀባይ፣ ቀን፣ ጉዳይ» እያልኩ መዘገብኩ። አሥራ አራት ካርድ ከሞላሁ በኋላ አንድ ነገር አልገባ አለኝ። በካርዴ ላይ አንድ ትልቅ ሹም ለአንድ ተራ ነጋድራስ (የነጋዴዎች አለቃ) «እግር እስማለሁ» ብሎ ይጽፋል። ካርዱን ይዤ ወደ ሽበታሙ ሠራተኛ ሄድኩ። ዋናውን ደብዳቤ አስወጥተው የመጀመሪያውን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። «ይድረስ ከ» ይልና የሹሙ ስም ይከተላል።

«ይህን ምን ብለሽ አነበብሽው?»

«ከእሳቸው የተላከ ብዬ።»

«አይደለም። ‹ይድረስ ከእገሌ› ማለት እገሌ ዘንድ ይድረስ ማለት ነው። ተቀባዩ ናቸው።»

አሥራ አራቱንም ካርዶች ገልብጬ ነበር። ጸሐፊውን ተቀባይ፣ ተቀባዩን ጸሐፊ አድርጌ። ዛሬ «ይድረስ ለ» ብለን ስለምንጽፍ «ከ» የምትለዋ ፊደል ምንም ሳታስጠረጥር አሳሳተችኝ። ቋንቋው የራሴ ስለሆነ ሳላስበው ተማመንኩበት፤ የባዕድ ቋንቋ ቢሆን መዝገበ ቃላት እገልጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በአሮጌ ወረቀት ላይ የማውቀው ቃል ሲመጣ ቆም እላለሁ። በ1911 ዓ.ም. ደብዳቤ ውስጥ «ብር» ካለ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ሚዛን የሚደፋ ጥሬ ብር እንጂ ዛሬ በኪሳችን ያለው ወረቀት አይደለም። «ጋሻ» ካለ ጦር መመከቻው ነው ወይስ የመሬት ስፋቱ? በጎንደር ዘመን የጎጃም የመሬት ሰነዶች ውስጥ «ዜጋ» ሲባል ዛሬ ሙሉ መብት ያለው ሰው የምንለው አይደለም፤ የባለ መሬት ጥገኛ ሆኖ የሚያገለግል ሰው ነው። ይህን ሳያውቅ ስለ «ዜግነት ታሪክ» የሚጽፍ ተማሪ ሰነዱን በትክክል ጠቅሶ ፍሬ ነገሩን ግን ገልብጦ ያቀርባል።

የቀን ነገርም አለ። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ የአንድ ሌጋሲዮን ደብዳቤ በሽታው ከተማዋ ከመግባቱ ዓመት አስቀድሞ ስለ በሽታው ያወራ ነበር። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ነገሩ የሒሳብ ነበር። ኖቬምበር 1918 የሚለውን እንደ ልማዴ ስምንት ቀንሼ 1910 አድርጌዋለሁ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 በኋላ ነው። ስለዚህ ኖቬምበር 1918ም ጃንዋሪ 1919ም ሁለቱም 1911 ዓ.ም. ናቸው። ኅዳር 12 ቀን 1911 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1918 ላይ ይውላል። ኅዳር 2 ደግሞ ኖቬምበር 11፣ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ያበቃበት ቀን ነው። ይህን ስደርስበት የሌጋሲዮኖቹን ወረቀት በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ፤ በዚያ ሳምንት የአንድ አውሮፓዊ መልእክተኛ ልብ የት እንደነበር ገባኝ።

ወደ ኋላ ለምትሄዱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23ን ስናከብር በእነሱ ማርች 2 ነው። ፈረንጆቹ 1900ን የሠግር ዓመት (366 ቀን ያለው ዓመት) ስላላደረጉት የሁለቱ አቆጣጠር ርቀት በአንድ ቀን ሰፍቷል። የዛሬውን ስሌት እንዳለ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የወሰደ ተማሪ በእያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ቀን ይስታል። በግእዝ አኀዝ የተጻፈ ቀን ከሆነም ፮ እና ፯ በእጅ ጽሕፈት ሲመሳሰሉ ዓይን ያታልላሉ፤ ስትጠራጠሩ ያንኑ ጸሐፊ በሌላ ቦታ ስድስትን እንዴት እንደሚጽፋት ፈልጉ።

ስለ ሥርዓቱ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ቦታ ሕጉን ይነግራችኋል። እርሳስ ያዙ፣ ብዕር አይፈቀድም። ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ሳትጠይቁ ስልክ አታውጡ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልንገራችሁ፤ የፋይሉን ቁጥር፣ የሳጥኑንና የአቃፊውን ቁጥር፣ ቅጠሉ ቁጥር ካለው እሱንም ከማንበባችሁ በፊት ጻፉ። እኔ አንድ ግሩም ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጬ ቁጥሩን ዘነጋሁ። አማካሪዬ «ከየት ነው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። «እንግዲያው የለም ማለት ነው» አሉና በቀይ ሰረዙት። ያን አንድ ወረቀት መልሼ ለማግኘት አሥር ቀን ፈጀብኝ። ልክ ነበሩ። አንባቢ ሄዶ ሊያየው የማይችል ማስረጃ ወሬ ነው።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተሻገርኩ። እዚያ ብዙ ቀን ያሰላሰልኩት አዲስ ሰነድ ሳይሆን ብዙ ሰው ቤቱ ያለው መጽሐፍ ነበር፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»። በዚያ በሽታ እሳቸውም በጠና ታመው ከሞት እንደተረፉ ይናገራሉ። ተማሪዎች «ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው ወይስ ሁለተኛ ደረጃ?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ በጥያቄያችሁ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በስደት፣ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለ በሽታው ከጠየቅነው የታመመ ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የሰጠው የራሱ ምስክርነት ነው፤ ዋጋ አለው፣ ነገር ግን ጊዜ ያጣራው ነው። ዙፋኑን ያጣ ንጉሥ ስለ ራሱ ምን እንዲታወስለት እንደሚፈልግ ከጠየቅነው ግን በዕለቱ የተጻፈ ትኩስ ማስረጃ ነው። ያው ገጽ ለሁለት ጥያቄ ሁለት ዓይነት ምንጭ ይሆናል።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት የምጠቀመው የውጫሌን ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣልያንኛው ትርጉም ጎን ለጎን አድርጌ እሰጣቸዋለሁ፤ ምንም አልናገርም። በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል»፤ በጣልያንኛው ግን በእሷ በኩል ለመላላክ የተስማሙ ሆነው ቀርበዋል፤ ጣልያንም ግዴታ ነው ብላ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለችበት። ልጆቹ ራሳቸው ሲያገኙት ክፍሉ ይናወጣል። አንድ ሰዓት ከምለፈልፍ ይህ አሥር ደቂቃ ይበልጣል።

በመጨረሻ ወደ ሰው ሄድኩ። ሰፈራችን ውስጥ ሰማንያ ያለፋቸው እናት ነበሩ፤ በሽታው ሲገባ አልተወለዱም፣ እናታቸው ግን ከሞት የተረፉ ናቸው። ቡናቸውን እያፈሉ «እማማ፣ የኅዳር ጭስ ከዚያ በሽታ ነው የመጣው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንዴታ ልጄ! ከዚያ ወዲህ ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ጻፍኩት። አማካሪዬ ግን ጠርዙ ላይ «ይህን በዚያው ዘመን ማን ጻፈው?» ብለው ጠየቁ። በእጄ ባሉት የዘመኑ ወረቀቶች ውስጥ አልነበረም። እማማን አልሰረዝኳቸውም፤ «ከበሽታው የተረፉ ሰዎች ልጆች እንዲህ ብለው ያስረዳሉ» ብዬ አቆየኋቸው። ይህ አጻጻፍ ደካማ ይመስላል፤ አይደለም። የሚናገረው ማን እንደሆነና ከክስተቱ ምን ያህል እንደራቀ ለአንባቢ መንገር ነው። ሌላም የጠየቅኩበት መንገድ ያስጸጽተኛል። መልሱን ራሴ አቀብያቸው ነበር። «ኅዳር 12 ለምን ይጨሳል?» ብል ኖሮ የሚሉትን እሰማ ነበር።

አዲስ አበባ መምጣት ለማትችሉ፣ ወይም በውጭ አገር ለምትማሩ ልጆች፣ ዛሬ መንገዱ ከእኔ ጊዜ ሰፊ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ሥራ ማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በበይነ መረብ ያሳያል፤ ተመዝግቦ መግባት በነጻ ነው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» በሚባለው ገጹ አሮጌ ጋዜጦችን ያስነብባል። ለንደን ውስጥ ኪው ባለው የብሪታንያ ብሔራዊ መዝገብ ቤት የውጭ ጉዳይ ፋይሎች አሉ፤ ማውጫቸውን ከየትም ሆኖ መፈተሽ ይቻላል። ሆኖም የቆንስልን ወረቀት ስታነቡ የቆንስሉ አጥር የት እንደሚያበቃ አትርሱ። እሱ ያየው ደጃፉን ነው፤ ጉለሌ ወይም አራዳ ውስጥ በር ዘግቶ የሞተውን ቤተሰብ አላየም።

እኔ ያን ቤተሰብ ያገኘሁት ያልጠበቅኩት ቦታ ነው። ጽሑፌን ላስገባ አንድ ወር ሲቀረኝ አጎቴ ከቡልጋ የአያቱን ዳዊት ይዞ መጣ። «አሮጌ ነገር ትፈልጊያለሽ ሲሉ ሰማሁ» አለ። ብራናው በላብ ጠቁሯል፤ አንዱ ገበታው ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ከመዝሙሩ በኋላ ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ፣ ከዋናው ጽሕፈት በተለየ ደካማ እጅ፣ ሦስት ስሞች ተጽፈዋል። እያንዳንዱ ስም አጠገብ «ዐረፈ» ወይም «ዐረፈች» ይላል፤ ቀኖቹ ሁሉም በኅዳር ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረት የለም። ከላይ ግን «በዘመነ ሉቃስ» የሚል አለ።

ይህን ማንም የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል፤ እኔ ግን በዩኒቨርሲቲ አልተማርኩትም። ዓመታቱ በየተራ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ፤ የማን ዘመን እንደሆነ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1911 ሲደመርበት 7411 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። ሉቃስ ነው። እርግጥ 1907ም 1915ም ሉቃስ ናቸው፤ ስለዚህ «በ1911 ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ብቻ ጻፍኩ፣ ምክንያቴንም አብሬ አስቀመጥኩ።

እናቴ ከጀርባዬ ቆማ ስሞቹን አንድ በአንድ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የመጀመሪያዋን «የአያቴ እህት ናት» አለች። ሁለተኛውን አጎቴ ዐወቀው። የሦስተኛዋን ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ተያዩ፤ ሁለቱም አያውቋትም። ስሟን ከነቀኗ በጽሑፌ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አስገባሁት።